ከሥር በደቃቅ ፊደል

ላሊበላ፣ መጋቢት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? በረዶ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ ካልሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ከእግርሽ አልተለየም። የሐኪም ቤቱ የሌሊት ተራ ቀረልሽ ወይስ አሁንም እንደዚያው ነሽ? እኛ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። ጾሙ እኩሌታው ላይ ደርሷል። ልጅሽን ትሕትናን ሳሉ ለቋታል። የእኔ ዓይን እንደምታውቂው ነው፤ ሩቁን ያያል፣ ቅርቡን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አያነብም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ትገረሚ ይሆናል። ስልኩ የሚውለው በትሕትና እጅ ነው። እኔ ስናገር ደግሞ ክፍል ሙሉ ልጅ ሳስተምር የኖርኩበት ድምፅ ይወጣብኝና ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህ ነገር ደግሞ ተጽፎ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ነው። ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቋንቋ አስተማሪያችን ከፊርማዋ በኋላ አንዲት ቃል የጨመረች ተማሪ ካገኘች ደብዳቤውን ቀዳድዳ እንደ አዲስ ታስጽፋት ነበር። ሳታስቢ ጀምረሻል ማለት ነው ትላለች። እኔም አስቤ ጀምሬአለሁና ታግሠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ትኬቶቹ ደርሰውናል። በኢሜይል የላክሻቸውን ጁወይሪያ አትማ ሰጠችኝ። ጁወይሪያ ማለት አባቷ ጋሸና ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ እሷ እዚህ ገበያው አጠገብ የአውሮፕላን ትኬት ቤት የከፈተች ልጅ ናት። አስተምሬአት አላውቅም፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ እንደሚለው ቲቸር ትለኛለች። ቲቸር የሚባል የአማርኛ ቃል የለም ብዬ ብቆጣት፣ ታዲያ ትኬት የሚባልስ አለ እንዴ ብላ አፌን አዘጋችኝ። ወደድኳት።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን በመነጽሬ ሳነበው ግን ደነገጥኩ። ከላሊበላ አዲስ አበባ በሚለው በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው የፈረንጆቹ አየር መንገድ ስምና ቁጥር ነው። ሜዳችን ላይ ከእኛው አውሮፕላን በቀር የሌላ ክንፍ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። እህቴን አታለዋት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ትኬት ቤቱ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ጁወይሪያ ሳቀችና ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች። ከሥር፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ደቃቅ ፊደል፣ የሚያበረው የእኛው አየር መንገድ እንደሆነ ተጽፏል።

ሁለቱ አየር መንገዶች ባልደረቦች ናቸው አለችኝ። ተስማምተው አንዱ በሌላው አውሮፕላን ላይ ወንበር በራሱ ስምና በራሱ ቁጥር ይሸጣል። አንቺ እዚያ ከእነሱ ስለገዛሽ ወረቀቱ ላይ የገዘፈው የእነሱ ስም ነው፤ ከላሊበላ እስከ ፍራንክፈርት የሚያደርሰው ግን የእኛው አውሮፕላን ነው፤ ከዚያ አንቺ ያለሽበት ኦስሎ ድረስ ያለው ብቻ የራሳቸው ነው። እኔም ሻንጣ ቢጠፋ ማንን እንይዛለን፣ ቢዘገይ ማን ያሳድረናል፣ ስማችን በየትኛው መዝገብ ነው ያለው እያልኩ ጠየቅኋት። አንድ በአንድ መለሰችልኝና በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ቲቸር ፈተና ላይ ነኝ እንዴ አለችኝ። አዎን፣ እስካሁን አልወደቅሽም አልኳት።

ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ለአባ ሰይፈ ሥላሴ አጫወትኳቸው። እሳቸው ምንም አልደነቃቸውም። በሰሙን ተራችን ቄስ ሲጎድል ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ተውሰን እናመጣ የለም ወይ አሉኝ፤ ሰው ቤተ ማርያም አስቀደስኩ ይላል እንጂ የቀደሰው ከየት መጣ ብሎ ማን ይጠይቃል? እርስዎስ አባቴ፣ ተውሰው ሲወስዱዎ ስምዎ ሳይነሣ ቢቀር ቅር አይልዎትም ወይ ብላቸው፣ ቅዳሴው ከደረሰ ምን ቅር ይለኛል፣ ቅር የሚለኝ ዳገቱ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትሕትና ያለ እኔ አልሄድም እንዳለች ታውቂያለሽ። ሁለት ትኬት የቆረጥሽውም ለዚህ ነው፤ የእሷ መሄጃ ብቻ፣ የእኔ ለሦስት ወር ጥየቃ ከነመመለሻው። እኔን እማ ብላ አንቺን እታለም እንደምትልሽ፣ ስትደውዪም ደህና ነኝ ብላ ስልኩን ለእኔ እንደምታቀብል ነግረሽኝ አልቅሰሻል። ያን ቀን ምን ብዬ እንዳጽናናሁሽ አላስታውስም። የረባ ነገር እንዳልተናገርኩ ግን አውቃለሁ። አባቷ ካረፈ በኋላ ጥለሻት የሄድሽው ወደሽ እንዳልነበር ለእሷ ነግሬአታለሁ፤ ልጅ ግን የሚነገረውን ሳይሆን ሲነጋ ከጎኑ የሚያገኘውን ነው የሚያምነው።

የመሄዷ ነገር ከተቆረጠ በኋላ አንድ ምክር አመጣች። የአባቷ እናት እማማ ባንቺዓለም ጋሸና ናቸው፤ ሽማግሌ ሰው ሳይሰናበቱ አገር ጥሎ መሄድ ነውር ነው። የላሊበላው በረራ እንደሁ ሳይጀመር የሚያልቅ ነው፤ ስለዚህ እሱ ይቅርና በመኪና ወርደን ጋሸና እንሰናበት፣ ደሴ እንደር፣ ትልቁን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ እንያዝ አለች። እኔም ተስማማሁ። ጎረቤቱም ሁሉ መልካም ነው አለ። በእኛ መንገድ ከላሊበላ ወልድያ ከፍሎ ጋሸና ላይ የሚሳፈር ሰው ስንት ነው? ወንበሩ የተከፈለበት ስለሆነ ሾፌሩም ደስ ይለዋል፣ እስከዚያ እህል ይጭንበታል። ስንቃችንን እንኳ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ብቻ ሳይናገሩ መቅረት ጨዋነት አይደለም ብዬ፣ አውሮፕላኑ በከንቱ እንዳይጠብቀን ንገሪልን ልላት ወደ ጁወይሪያ ሄድኩ። ያረቢ፣ ቲቸር፣ እንዳታደርጉት አለችኝ። በረራዎቹ በአንድ ክር እንደተሰካ ዶቃ ናቸው አለች። የመጀመሪያውን ካልተሳፈራችሁ ኮምፒውተሩ አልመጡም ብሎ ይመዘግብና የቀረውን ሁሉ ይሰርዛል፤ የእኛውንም የባልደረባውንም። አዲስ አበባ ስትደርሱ ትኬት የላችሁም ትባላላችሁ። ወንበሩ ተከፍሎበት የለም ወይ ብላት፣ አውሮፕላን የጋሸና ሚኒባስ አይደለም እናንተ እንዳሻችሁ መንገድ ላይ የምትሳፈሩበት አለችኝ። 

የትሕትና መግቢያ ፈቃድ ግንቦት ሲያልቅ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። በሰኔ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል፤ ከዚያ በኋላ በልጅነት የሚሰጠው ፈቃድ አይገኝም ብለሽኛል። ይህ በረራ ካመለጠ፣ አንቺ የሌላ ትኬት ገንዘብ እስክታጠራቅሚ ቀኑ ያልፋል፤ ሌላ የለም ማለት ነው።

አልደብቅሽም፣ ከገበያው ወደ ቤት ዳገቱን ስወጣ እግሬ ከሌላው ቀን ይልቅ ቀስ ብሎ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ሁሉም የተስማማበት ነገር ነው፤ ማንም አይወቅሰኝም። በመኪና እንወርዳለን፣ አያቷን እንሰናበታለን፣ አዲስ አበባ ላይ ትኬት የለም ይባላል፣ እኔም ልጅቱን ይዤ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ ትሕትና ፀጉሯን ታጥባ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ነገርሽልን ወይ አለችኝ። ከጎኗ ተቀምጬ ደንቡን እንዳለ ነገርኳት፤ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ፀጉሯን እየፈተለች ሰማችኝና ቀስ ብላ፣ እና ዝም ብንልስ እማ አለችኝ።

እህቴ፣ ያን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማው ነው መልኩን ያየሁት። ዝም ብንልስ እናትሽ በር ላይ ቆማ ማንን ልትቀበል ነው አልኳት። አቀረቀረች። አንቺ አብረሽኝ ካለሽ እሺ አለች። ከላሊበላ አብሬሽ አውሮፕላን እገባለሁ አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ደግሞ ወደ ጁወይሪያ ተመለስኩ። የፊተኛውን በርሮ የኋለኛውን የቀረ ሰው ቢኖርስ አልኳት። ከቀረበት ወዲያ ያለው የእሱ ይሰረዛል አለችኝ። አብሮት የነበረው ሰውስ? አብራችሁ ብትመዘገቡም የትኬቱ ቁጥር ለየብቻ ነው፤ ሌላው መንገዱን ይቀጥላል፤ ብቻ የቀረው ሰው ሻንጣ አስጭኖ እንደሆነ ሻንጣውን ከአውሮፕላኑ ሆድ ፈልገው እስኪያወርዱ ሰው ሁሉ ይጉላላል አለች። ምንም ሻንጣ ካላስጫነስ አልኳት። አሁንም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልቀለደችም። ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ አለችኝ። ለማወቅ ያህል ነው፣ አስተማሪ ነኝ አልኳት። ከጎረቤቱ ሻይ አስመጣችልኝ። ስወጣ ቲቸር አላለችኝም። ደህና ይግቡ እናቴ አለችኝ።

የጋሸናው ስንብት እንዳይቀር ባለፈው ቅዳሜ ደርሰን ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ አቧራው ከእኛ ጋር ተሳፍሮ ነበር። እማማ ባንቺዓለም ዓይናቸው ፈዟል፤ ልጅቱን ፊቷን ዳብሰው አወቋትና ግንባሩ የልጄ ነው አሉ። አውሮፕላኑ ጋሸና አይቆምም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይቆምም እማማ ብላቸው አልተዋጠላቸውም። ከባድ መኪናውም፣ ሹማምንቱም፣ ፈረንጁም ጋሸና ቆሞ በልቶ ነው የሚያልፈው፤ ይሄ ምን ቢኮራ ነው የማይቆመው አሉ። ትሕትና እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ምራቃቸውን እንትፍ እያሉ መረቋት፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ አሜን ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ።

ልጅቱ ውኃ ልትቀዳላቸው ስትወጣ እጄን ያዙኝ። አንቺስ ትመለሻለሽ አሉኝ። እመለሳለሁ አልኳቸው። ይዘገያል? አይዘገይም እማማ። እጄን አገላብጠው ዳበሱና፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው አሉ።  ዓይን የፈዘዘበት ሰው ሌላው ነገሩ ይስላል።

አሁን ትሕትናን እያስተማርኳት ነው። የቤቱ በር አዲስ አበባ ነው፣ ማድቤቱ ፍራንክፈርት ነው፣ ግቢው ውስጥ ያለው የወይራ ዛፍ ኦስሎ ነው። ወረቀቷን ይዛ በር ቁጥር እየፈለገች ትሄዳለች፤ እኔ መንገድ ላይ በሩን እለውጥባታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ወደቀች፤ በትልቁ የተጻፈውን ስም ተከትላ ሄደች። ከሥር ያለውን አንብቢ፣ ማን እንደሚያበርሽ ሳታውቂ የማን ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ ብዬ እንደገና አስጀመርኳት። እማ፣ አንቺ ከጎኔ አይደለሽም እንዴ ብላ አኮረፈች። እንቅልፍ ቢወስደኝስ አልኳት። ቆመሽ ትተኛለሽ ወይ አለችኝ። በእኔ ዕድሜ የትም ይተኛል አልኳት። ትናንት ሦስት ጊዜ በሩን ለውጬባት ሦስቱንም ጊዜ ወይራው ሥር ደረሰች። አንድ ቀን እንኳ እጅግ በጣም ጥሩ ብዬ የማላውቅ ሰው ትናንት አልኩ።

የምትሄድበት ቀን በበዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ የባልደረባው አውሮፕላን ምንም ቢያቀርብላት ትብላ። ከባድ ሻንጣውን በእሷ ስም አስጭናለሁ፤ በርበሬው፣ ሽሮውና የአንቺ ነጠላ እዚያ ውስጥ ነው። እኔ የምይዘው የእጅ ቦርሳዬን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምነግራት ቃል አለኝ። አጥንቼዋለሁ፤ አጭር ነው። ጊዜ ስላለ እያሳጠርኩት ነው።

ስለ እሷ ማወቅ የሚገባሽን ልጻፍልሽ። ስትነቃ አትናገርም፤ ፊቷን እስክትታጠብ ድረስ ምንም አትጠይቂያት። ስትናደድ ቤት ትጠርጋለች፤ ያልቆሸሸ ቤት ስትጠርግ ካየሽ ምን ሆነሽ ነው በያት። ልትዋሽ ስትል አስቀድማ ታመሰግንሻለች። መብረቅ ትፈራለች፣ እንደማትፈራ ግን ትምላለች፤ ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ። እታለም ብትልሽ አትቀየሚ፣ ለማረምም አትቸኩዪ። ሁልጊዜ ማረም ልጅን አፍ ያስይዛል፤ ይህ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እማ የሚባል ሌላ ሰው ከቤቱ ሲታጣ ቃሉ የሚያርፍበትን ራሱ ይፈልጋል። የሚያስፈልገው የሚጣራ ሰውና የሚመልስ ሰው ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ሰው መካከል ከተቀመጠ ስልኩ እንደገና ወደ ሦስተኛው ይሄዳል።

ትምህርት ቤት በተመዘገበች ቁጥር የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ የአንቺን ስም ጎላ አድርጌ እጽፍ ነበር። ከሥር ደግሞ ስለ እናቷ ብዬ በትንሹ እፈርማለሁ። የዘንድሮው ዳይሬክተር አዲስ ሰው ናቸውና፣ እርስዎ ምኗ ነዎት ብለው ጠየቁኝ። ፊርማዬን አሳየኋቸው። ቅር ብሎኝ አያውቅም እህቴ፤ አባ ሰይፈ ሥላሴ እንዳሉት ዳገቱ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ስለ እናቷ የሚፈርም ሰው አያስፈልግም። እናቷ ራስሽ ፈርሚ፤ ፊደልሽ ዱሮም ከእኔ ያምራል።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ስልክ አትደውዪ። ብትደውዪም ትሕትና ታነሣዋለችና ስለ አየሩ ብቻ አጫውቻት። ልጅቱ ያለ ሥጋት ትጫወት፤ የቀሩት ቀኖች የእኔ ናቸው።

መንገዱን የከፈተ አምላክ ፍጻሜውን ያሳምርልሽ። እግርሽን ከሚያንሸራትተው ይጠብቅልሽ። ለሰው አገር ሕሙማን ያነጠፍሽው አልጋ፣ የታገሥሽው ሌሊት ሁሉ በልጅሽ ይካስልሽ። ቤትሽ ውስጥ ሳቅ ይሰማ፤ ስትጣሉም ማታውኑ ታረቁ። ከሩቅ ሆኜ አሜን እላለሁ።

ታላቅ እህትሽ

ከፊርማ በኋላ እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ አስተማሪያችን ብታየኝ ቀዳድዳ ታስጽፈኝ ነበር። በር ላይ ሁለት ካፖርት ይዤ እጠብቃችኋለሁ ብለሽ ነበር። የትሕትናን ብቻ ይዘሽ ውጪ። ትልቁን ካፖርት፣ ሱቁ መልሶ የሚቀበልበት ቀን ሳያልፍ ወስደሽ መልሺው።